ከእርሳስ ጋር የተቆለፍኩበት ጁምዓ

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙ እኔው ልንገራችሁ፤ ከተማው እንደሆነ ከኔ አሳምሮ ያወራዋል። አርባን ያለፍኩ፣ ሆዴ ከኔ ቀድሞ ሱቅ የሚገባ፣ ነገሌ ላይ ደብተርና እርሳስ እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። እና አንድ ዓርብ ቀን፣ ልጄን መናኸሪያ ሄጄ መሸኘት ሲገባኝ፣ ገዛ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ እርሳስ ሳሸት ተቆለፈብኝ። ሌባ ቢቆለፍበት ያለ ነው። ባለሱቅ በገዛ ሱቁ ሲታሰር ያየሁት ግን ራሴን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ የሰፈራችንን ደንብ ላስረዳ። እኛ ጋ ለጁምዓ ሶላት ስንሄድ ሱቅ አንቆልፍም። ደጃፉ ላይ ዱላ እናጋድማለን፣ ቦረናው ኡሌ የሚለውን። ዱላ ከተጋደመ ባለቤቱ የለም ማለት ነው፤ ማንም አይገባም፣ ማንም አይጣራም። ደንቡን የማታከብረው ፍየል ብቻ ናት። ለእሷም ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ አሉላት። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መስጊድ ስለማይሄዱ ዓርብ ዓርብ በረንዳቸው ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን እያስነኩ የሁላችንንም ደጅ በዓይናቸው ይጠብቃሉ። እሁድ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደግሞ ዱላው በእሳቸው በር ይጋደማል፣ ዘበኛው እኔ እሆናለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ደንብ አንድ መርፌ ጠፍቶብን አያውቅም።

የዚያን ዓርብ ልጄ ሰሚራ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትሄድ ነው። እንደኛ ጊዜ እዚሁ ክፍላቸው ተቀምጠው አይፈተኑም፤ በአውቶቡስ ተጭነው ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባሉ፣ ስልክ መያዝ የለም፣ እስኪጨርሱ ድምፃቸው አይሰማም። ሰሚራ ደግሞ ልጄ ብቻ አይደለችም፣ የሱቁ ጭንቅላት ናት። እኔ በስልክ ብር መላክ እንኳን አልችልም፤ አንዴ ሞክሬ ለማላውቀው ሰው የአየር ሰዓት ሞልቼለት ደውሎ አመስግኖኛል። እና ያን ሳምንት በሙሉ አንዲት ቀልድ ይዤ ከረምኩ። «አንቺ ከሄድሽ ባንኮኒውን ማን ይይዝልኛል?» እላታለሁ። መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ፈገግ አለች። በኋላ ፊቷን አዙራ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። እኔ ግን ሰው ካልሳቀልኝ ቀልዱን የምደግም ሰው ነኝ፣ ደገምኩት።

ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «አባ፣ መናኸሪያ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አልመጣም? እርሳስሽንም መርጬ ይዤልሽ እመጣለሁ። ከሱቁ ምርጥ ምርጡን።»

«ካልመጣህ በመሄዴ ተቀይመሃል ማለት ነው» አለች።

እኛ አባቶቻችንን አንቱ እያልን ነው ያደግነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት መናገር አይታሰብም። የዛሬ ልጆች አንተ ብለው ጉሮሮህን ይይዙሃል።

አውቶቡሱ የሚነሳው በሶላት ሰዓት አካባቢ ነው ተብሏል። ባለቤቴ ሀዋ ልጅቷን ይዛ ቀድማ ሄደች። እኔ ሱቅ ገባሁ። ደንበኛ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ምን አደረግኩ? ዱላውን ደጃፉ ላይ አጋደምኩና ከኋላ ካለችው መጋዘን ገባሁ። በዱላ ዋሸሁ ማለት ነው። ስልኬ ደግሞ መብራት ስለጠፋ ጋሽ ታደሰ ቤት ሶላር ላይ ተሰክቷል።

መጋዘኑ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ከአባቴ ጊዜ የተረፈች አንዲት የእርሳስ ሳጥን አለች፤ አልሸጣትም። ስከፍታት ሽታው መጣ። አሁን የሚመጣው እርሳስ አብዛኛው አይሸትም፤ ከምን እንደሚሠሩት እንጃ፣ ሲቀረጽ እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። እነዚያ ግን ቀይና ጥቁር መስመር የተቀቡ፣ ስድስት ጎን ያላቸው፣ ጎናቸው ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈባቸው፣ ጫፋቸው ላይ ላጲሱ በቢጫ ቆርቆሮ የታሰረላቸው ናቸው። አንዱን አፍንጫዬ ስር ያዝኩት። በቃ፣ አገሩን ለቅቄ ሄድኩ።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነበር። የወታደሩ ሰፈር ባዶ ሆኖ ከተማው በሙሉ ካኪ ለባሽ የሆነበት ጊዜ። ሰባኪውም ካኪ፣ ሥጋ ሻጩም ካኪ፣ የኛ ቁምጣም ከወታደር ሱሪ የተቆረጠ ካኪ፤ ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ጋሽ ታደሰ ከአንድ ሱሪ ሁለት ተማሪ ያለብሱ ነበር። እግራችን ላይ ከጎማ የተቆረጠ በርባሶ። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴፕ አለ፤ ከሞያሌ የመጣ የቦረናም የሶማሌም ካሴት ያስጮሃል፣ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ አብሮ እየደከመ፣ ሴቷ እንደ ወንድ፣ ወንዱ እንደ በሬ ይዘፍናል። እርሳስም ከሞያሌ ነበር የሚመጣው፤ በሜጋ በኩል ዞሮ፣ በጭነት መኪና አናት ላይ፣ ከሳሙናና ከሽርጥ ጋር ታስሮ። አንዱ ሃያ አምስት ሳንቲም። ለብዙ ሰው ውድ ነው፤ ስለዚህ አባቴ በቢላዋ ለሁለት ቆርጦ ግማሽ ግማሹን ይሸጣል። ላጲስ ያለበት ግማሽ ይወደዳል። ወንድምና እህት አንዱን እርሳስ ተካፍለው ሲማሩ፣ ላጲሱ የደረሰው ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ይገዛዋል። እኔ የባለሱቅ ልጅ ሆኜ የምሄደው ላጲስ በሌለው ግማሽ ነበር። «አትሳሳታ» ይለኛል አባቴ። እናቴ ደግሞ እንዳልጥለው አናቱን ቦርቡራ በክር አንገቴ ላይ ታስርልኛለች። ጓደኛዬ ጎዳና ያቺን ክር ይዞ እንደ ጥጃ ይጎትተኛል።

ጎዳና ከተልተሌ መጥቶ አክስቱ ቤት የሚማር ልጅ ነው፤ ከብትን የማይመለከት ትምህርት አይገባውም። አንድ ቀን የሳይንስ አስተማሪያችን የእርሳስን ነገር ሲነግሩን፣ ድሮ በፈረንጅ አገር ነፋስ ዛፍ ነቅሎ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ወጣ፣ እረኞች አግኝተውት በጎቻቸውን ምልክት ያደርጉበት ጀመር፣ ሰው ወረቀት ላይ የጻፈበት በኋላ ነው ይባላል አሉን። ጎዳና እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እንግዲያ እርሳስ የተሠራው ለከብት ነው።»

«ለበግ ነው ያልኩት።»

«በግስ ከብት አይደለም? ተማሪ ነው እንጂ የቀማቸው።»

በማግሥቱ የአክስቱን ነጭ ፍየል በእኔ ግማሽ እርሳስ ምልክት ሊያደርግባት ሞክሮ ፍየሏ የግማሹን ግማሽ በላችው።

አስተማሪው የዚያን ቀን አንድ እርሳስ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀው አሳዩን። አንድ እንጨት ይመስለን ነበር፤ ለካ ሁለት ነው። ሁለቱም ላይ ቦይ ይቆፈራል፣ ጥቁሩ ይተኛበታል፣ ከላይ ሌላው እንጨት በሙጫ ይገጠምበታል። እርሳስ እንለዋለን እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም አሉ፤ ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ ከሸክላ አፈር ጋር ተቦክቶ እንደ ማሰሮ የተጠበሰ ነው። አፈሩ ሲበዛ ይጠነክራል፣ ሲያንስ ይጠቁራል። ስድስት ጎን የሆነውም ከዴስክ ላይ ተንከባሎ እንዳይወድቅ ነው። ደግሞ ክብ ከሚሆን ይልቅ ከአንድ ጣውላ ብዙ ያወጣል፤ ይቺኛዋን አባቴ ቢሰማ ይደሰት ነበር። ከዚያ፣ «እንጨቱስ ምን መሰላችሁ?» አሉ። ማንም አላወቀም። «ጥድ ነው። አጥር የምታጥሩበት። የእናንተው ዓይነት ጥድ እየተቆረጠ ወጥቶ፣ እርሳስ ሆኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል።» አላመንናቸውም። በዕረፍት ሰዓት የክፍሉ ልጅ በሙሉ ተደርድሮ የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያሸት ርዕሰ መምህሩ ደረሱብን። ምን እየሠራችሁ ነው ቢሉን ጎዳና፣ «ጋሼ፣ እርሳስ ነው» አላቸው። ተንበረከክን። ግን እውነት ነበር፣ ያው ሽታ ነው። እኔ እስከ ዛሬም በጥድ አጥር ስር ሳልፍ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ሰው ሽንት ቤት የቸገረኝ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ደርሼ ነው ከወደ ደጅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

ከመጋዘኑ ስወጣ ሱቁ ጨልሟል። የቆርቆሮው በር ተዘግቷል። ገፋሁት፤ ከውጭ ጓጉንቸሩ ገብቶበታል። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ሰሚራ የምትሄድበት አውቶቡስ ላይ የጋሽ ታደሰ የልጅ ልጅም ትሄዳለች። እሳቸው ሊሸኟት መሄዳቸው ነው፤ ሲሄዱ ደግሞ ዘበኝነቱ ባዶ እንዳይሆን፣ ዱላዬን አይተው፣ ጁምዓ ሄዷል ብለው፣ ከምስማሩ ላይ ጓጉንቸሬን አንስተው በደግነት ቆለፉልኝ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ጮህኩ። «ጋሽ ታደሰ!» አልኩ። ሲንጀሩ ሠላሳ ዓመት አጠገባቸው ሲጮህ ኖሮ የጋሽ ታደሰን ጆሮ በልቶታል። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ወንዱ በሙሉ መስጊድ ነው፣ ከመስጊዱ ማይክ የሚወጣው የኢማሙ ኹጥባ ደግሞ የኔን ድምፅ ይውጠዋል።

ቀጥሎ ስልኬ ጮኸ። ከግድግዳው ማዶ፣ ጋሽ ታደሰ ቤት፣ ሶላሩ ላይ። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ መናኸሪያው ውስጥ ቆማ፣ ስልኳን ለእናቷ ከመስጠቷ በፊት፣ መንገዱን እያየች። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ክንዴን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግንባሬን አስደግፌ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ አዳመጥኩት። ለአራተኛ ጊዜ አልጮኸም።

ያን ጊዜ ነው ከደጅ የፍየል ኮቴ የሰማሁት። ከኋላቸው የሰው እርምጃ አለ። በሩን ደበደብኩ።

«አካም፣ ናጋያ?» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ በኦሮምኛ። በድምፃቸው የገጠር ሰው ናቸው፣ ለገበያ የመጡ።

እኛ ጋ ሰላምታ አይቆረጥም። ሰላም ነኝ አልኩ። ቤተሰብ ሰላም? ሰላም። ከብቱ? ሰላም። ዝናቡስ በእናንተ በኩል? እኔ እንግዲህ በቆርቆሮ በር ስንጥቅ በኩል፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ከብት የሌለኝ ሰውዬ፣ ከብቱም ደህና ነው፣ ዝናቡም አልከፋም እላለሁ። ሲጨርሱ፣

«አባቴ፣ ተቆልፎብኝ ነው። ሰው ይጥሩልኝ» አልኩ።

«ዱላ ተጋድሟል» አሉ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያጋደምኩት።»

«ዱላ ከተጋደመ ባለቤቱ የለም።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ባለቤቱ ካለ ዱላው ለምን ተጋደመ?»

እርሳስ ላሸት ብዬ ነው ልበል?

«አንተ ሌባ ነህ» አሉ በትሕትና። «ግን አትፍራ፣ አልመታህም። ባለቤቱ እስኪመጣ እጠብቅሃለሁ።» በሩ ላይ ተደግፈው ሲቀመጡ በቆርቆሮው በኩል ክብደታቸው ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ የደበደብኩ ቁጥር፣ «ናጋ፣ ናጋ» እያሉ እንደ ከብት ያረጋጉኛል።

ተስፋ ቆርጬ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሱቅ ውስጥ በቀን ጨለማ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። የቆርቆሮው ጣራ በፀሐዩ ይንጣጣል፣ የፕላስቲክ ጫማና የናፍጣ ሽታ ይታፈናል፣ በበሩ ስንጥቅ የገባች አንዲት ቀጭን ብርሃን ባንኮኒው ላይ ተጋድማለች። ባንኮኒውን አየሁት። ከወዲያኛው በኩል፣ ደንበኛ በሚቆምበት በኩል ሆኜ አይቼው አላውቅም ለካ። እንጨቱ የኔ ክርን በሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ለአስተማሪነት ሥልጠና ሩቅ ከተማ ደርሶኝ ነበር። ያኔ እኔና ጎዳና ከአንድ መኪና ልንሳፈር ተስማምተናል፤ ሸሚዝ ሁሉ አሰፍቼ፣ ኮሌታው እንደ ክንፍ የሚዘረጋ፣ ያን ጊዜ የነበረ ፋሽን። የምንሄድ ሰሞን አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ተነሳ። «ሞያሌ ደርሼ እስክመለስ ባንኮኒውን ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። መኪናው ሲያልፍ ጎዳና ከአናቱ ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ፣ እኔም ከባንኮኒው ጀርባ አወዛወዝኩ፤ በሚቀጥለው መኪና እደርስብሃለሁ ብዬ። አባቴ ተመለሰ፣ ሳሙናና እርሳስ ጭኖ። ሂድም አላለኝ፣ ቅርም አላለኝ። ቁጭ ብሎ ጫማውን እያወለቀ «ደከመኝ» ብቻ አለ። በቃ፣ ይኸው። ማንም አላሰረኝም፤ ስጠየቅም ይህንኑ ነው የምለው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳን አልጮኸብኝም። ጮኾብኝ ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር መሰለኝ።

ጎዳና በኋላ ክረምት ክረምት ይመጣ ነበር፣ መምህር ሆኖ፣ ቦርሳ ይዞ። ኋላም መምጣቱን ተወ።

እና እዚያ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ሽማግሌው በር ላይ ተደግፈው ለፍየሎቻቸው ሲያንጎራጉሩ እየሰማሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሰሚራ ስደጋግምላት የከረምኳት ቀልድ በአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። ባንኮኒውን ማን ይይዝልኛል። እኔ ስቀልድ ነበር፤ አባቴ ግን ያዝልኝ ሲለኝ እየቀለደ አልነበረም። በሩን ሄጄ እንደገና ደበደብኩ፣ በሁለት እጄ።

«ናጋ» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ ልጄ እየሄደች ነው።»

«ልጅ አለህና ትሰርቃለህ?» አሉኝ፣ በጣም አዝነው።

ከሩቅ፣ ከመናኸሪያው በኩል፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ረጅም ነው፤ ሾፌሮቻችን ከተማ ሲለቁ አገሩ ሁሉ እንዲያውቅላቸው ይፈልጋሉ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ ማርሽ ቀየረ። ከዚያ የፍየሎቹ ማመስኳት ብቻ ቀረ።

ጋሽ ታደሰ ሲመጡ ሽማግሌው ተነሥተው ተቀበሏቸው። «ሌባ ይዤልሃለሁ» ሲሉ ይሰማኛል። «ጨዋ ሌባ ነው፤ ሰላምታ ያውቃል።» ቁልፉ ዞረ። በሩ ሲከፈት ዓይኔ በብርሃኑ ተጨፈነ፣ እጄ ላይ አሁንም ያ እርሳስ አለ።

«ኢብሮ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ጁምዓ አይደለህም እንዴ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ጋሼ።»

«እኔኮ ለልጅቷ፣ አባትሽ መስጊድ ዱዓ እያደረገልሽ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ዱላውን አጋድሟል ብዬ ነገርኳት። በመድኃኔዓለም ስም ማልኩላት።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። «እና እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«እርሳስ ስመርጥ።»

«እርሳሱንማ ከመናኸሪያው በር ካለው ሱቅ ገዛንላት።»

መቆለፉን ችዬው ነበር። ይቺ ግን ወጋችኝ።

ቀጥሎ ሀዋ ደረሰች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ያለቀሰ ፊት ይዛ። የሆነውን ጋሽ ታደሰ ሲነግሯት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ልጅቷ አንገቷን እስኪያማት መንገድ ስታይ፣ አንተ በገዛ ዱላህ ታስረህ» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን እኮ አላምንም ነበር። አንተ ስለሆንክ ነው የማምነው።» ሽማግሌው ባለቤቱ እኔ መሆኔን ሲረዱ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ዱላዬን አንስተው በእጃቸው መዘኑትና፣ «ሁለተኛ ቤትህ ውስጥ እያለህ አታጋድም፣ ሰው ይሳሳታል» ብለውኝ ፍየሎቻቸውን ነዱ።

ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። ሰሚራ እስክትመለስ ድረስ ተቀይሜ እንዳልቀረሁ የምነግርበት መንገድ አልነበረኝም። እኔ ሁልጊዜ ሰው አስቃለሁ እንጂ ያን ሰሞን ከተማው ነው በኔ የሳቀው፤ በደጄ የሚያልፈው ሁሉ፣ «ኢብሮ፣ ተፈታህ?» ይለኛል፣ አብሬ እስቃለሁ፣ ሲያልፉ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞራለሁ። ሌሊቱን ተዉት። ባንኮኒው ላይ ብቻዬን ቆሜ ብር መላክ የሚፈልግ ሲመጣ ወደ ማዶው ሱቅ እልክ ነበር።

ስትመለስ ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ሱቅ መጣች፣ ከስታ፣ አቧራ ለብሳ። ታሪኩን እናቷ መንገድ ላይ ነግራታለች፤ ገና ደጃፉን ስትረግጥ ሳቋ ቀደማት፣ በሩን ይዛ ሳቀች፣ ጋሽ ታደሰ ከማሽናቸው ቀና ብለው አብረዋት ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም።

«ሰሚራ» አልኩ፣ «ተቀይሜ የቀረሁ እንዳይመስልሽ።»

«መስሎኝ ነበር» አለች። «ጋሽ ታደሰ ሲምሉልኝ አላመንኳቸውም። ከከተማው ወጥተን ሜዳው እስኪያልቅ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።»

«ይቅር በይኝ፤ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ እኮ...»

«እንኳንም አልወጣህ፣ አባ» አለችኝ። ሳቋን ትታ ነበር። «ሻንጣዬን እኮ አላስጫንኩም ነበር። ረዳቱ ሲለምነኝ እምቢ ብዬ በእጄ ይዤው ቆሜ ነበር። ያንን ማን ይይዝልኛል የሚል ፊትህን ይዘህ ብቅ ስትል ባይህ፣ ይዤው ወደ ቤት እመለስ ነበር።»